ከኳንተሙ ሳጥን በፊት፦ ኔትወርካችሁን ለኳንተም ዘመን ማዘጋጀት፣ ከቆጠራ እስከ ፋይበር

አለቃችሁ ከአንድ ስብሰባ መጥቶ «ይሄ ኳንተም ክሪፕቶግራፊ የሚባለው ነገር እኛ ጋ መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቃችሁ እንበል። የባንክ ኔትወርክ ላይ ትሠሩ ይሆናል። ወይም መብራት ኃይል፣ ወይም ውኃና ፍሳሽ፣ ወይም ቴሌኮም። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ምን እንደሚሠራ በተራ በተራ ላስቀምጥላችሁ። ተራውን ግን አታዛቡት። ብዙ ሰው ከመጨረሻው፣ ከውዱ ዕቃ ይጀምርና በጀቱም ያልቃል፣ በሩም ክፍት ይቀራል።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። «ኳንተም» እየተባለ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነገር ነው።

አንዱ የኳንተም ቁልፍ ስርጭት ነው፤ የሙያው ሰዎች ኪውኬዲ ይሉታል። በሁለት ቦታዎች መካከል እጅግ ደካማ ብርሃን፣ ፎቶን በፎቶን (ፎቶን የብርሃን ትንሿ ቅንጣት ናት)፣ በፋይበር እየላኩ ምስጢራዊ ቁልፍ ማውጣት ነው። ልዩ መሣሪያና ንጹህ ፋይበር ይፈልጋል። ሌላው ድኅረ-ኳንተም ምስጠራ ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ውስጡ ምንም ኳንተም የለም። ተራ ሶፍትዌር ነው፣ ተራ ሰርቨር ላይ ይሠራል። የቆመበት ሒሳብ ግን ኳንተም ኮምፒውተርም ቢመጣ ይፈታዋል ተብሎ የማይታሰብ ዓይነት ነው።

እኔ የትኛው ወገን እንደሆንኩ ከአሁኑ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁለተኛው፣ ከዚያ፣ ምናልባት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት መስመር አንደኛው። ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካው ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ኤንኤስኤ፣ ኪውኬዲን ለአገር ደህንነት ሲስተሞች አልመክርም ብሎ በይፋ ጽፏል። በጥር 2024 ደግሞ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኔዘርላንድስና የስዊድን የሳይበር ተቋማት በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ቅድሚያው ለድኅረ-ኳንተም ይሁን ብለዋል።

1. ምን እንዳላችሁ ቁጠሩ

ኤክሴል ክፈቱ። ቀልዴን አይደለም። አራት ዓምድ ይበቃል፦ የትኛው መስመር ወይም ሲስተም ነው፣ ቁልፍ የሚለዋወጠው በምንድን ነው፣ ፊርማው ወይም ሰርተፊኬቱ የምንድን ነው፣ መረጃው ስንት ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት።

ለመቁጠር የሚያስፈልጋችሁ ኳንተም ኮምፒውተር የሚያመጣው ስጋት ሁሉንም እኩል ስለማይነካ ነው። ፒተር ሾር በ1994 ያወጣው አልጎሪዝም በቂ ኳንተም ኮምፒውተር ከተገኘ ዛሬ ቁልፍ የምንለዋወጥባቸውንና የምንፈርምባቸውን አርኤስኤን፣ ዲፊ-ሄልማንንና ኤሊፕቲክ ከርቭን ከሥሩ ይነቅላል። መልእክቱን ራሱን የሚያመሰጥረው ኤኢኤስ-256 ግን አይነቀልም። እሱን የሚመለከተው የግሮቨር አልጎሪዝም ቢበዛ አቅሙን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ያ ማለት 128 ቢት ነው፣ ያም የሚደፈር አይደለም። ስለዚህ «ሁሉ ነገር ይፈርሳል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። የሚፈርሰው የቁልፍ ልውውጡና ፊርማው ነው። ቁጠሩ ያልኳችሁም እነሱን ነው።

ቆጠራው ላይ የሚያስደነግጣችሁ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎችና የውኃ ፓምፖች የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች፣ ሞድባስ፣ ዲኤንፒ3፣ አይኢሲ 60870-5-104፣ ሲሠሩ ምንም ምስጠራ አልነበራቸውም። ሞድባስ የ1979 ልጅ ነው። ዛሬም ብዙ ቦታ እንደዚያው ራቁታቸውን ይሄዳሉ። ያልተቆለፈን ነገር ለመክፈት ደግሞ ኳንተም ኮምፒውተር የሚገዛ ሌባ የለም። በታኅሣሥ 2015 ዩክሬን ውስጥ ወደ 225 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች መብራት የጠፋባቸው ማንም ምስጠራ ሰብሮ አይደለም። ሰርጎ ገቦቹ በተንኮል ኢሜይል ገቡ፣ የይለፍ ቃል ወሰዱ፣ ከዚያ እንደ ኦፕሬተሩ ሆነው ብሬከሩን ከፍተው መብራቱን ቆረጡ።

ስለዚህ ኤክሴሉ ላይ «ምስጠራ የለውም» የሚል መስመር ካለ በቀይ ቀቡት። ሥራው ከዚያ ይጀምራል፤ እሱን ቪፒኤን (የተመሰጠረ መተላለፊያ) ውስጥ አስገቡ፣ ባለሁለት ደረጃ መግቢያ አድርጉ፣ ኔትወርኩን ከፋፍሉ። እሱ ሳይሠራ ከታች ያለውን ማንበብ ትችላላችሁ፤ መግዛት ግን አይቻልም።

2. ጊዜውን አስሉ

ሚሼል ሞስካ የሚባል የካናዳ ተመራማሪ የታወቀበት ቀላል ሒሳብ አለ። መረጃው ምስጢር መሆን ያለበትን ዓመት፣ ሲስተሙን ለመቀየር የሚፈጅባችሁን ዓመት ደምሩ። ድምሩ ትልቅ ኳንተም ኮምፒውተር እስኪመጣ ካለው ጊዜ ከበለጠ ዘግይታችኋል።

እንዴት ዘግይታችኋል? ጆሮ ጠቢው ዛሬ መፍታት አይጠበቅበትም። ፋይበሩ ላይ የሚያልፈውን የተመሰጠረ ዳታ እንዳለ ቀድቶ ያስቀምጣል። ማስቀመጫ ዲስክ ርካሽ ነው። ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ማሽኑ ሲመጣ ያንን ቅጂ ይፈታዋል። የዛሬ ዓመት የሚያረጅ መረጃ ከሆነ ምን ቸገራችሁ። የግድብ ንድፍ፣ የሕክምና መዝገብ፣ የዜጎች የጣት አሻራ ከሆነ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ማሽኑ መቼ እንደሚመጣ ማንም በቀን አይነግራችሁም፣ ግን ግምቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ተመልከቱ። በ2019 ክሬግ ጊድኒና ማርቲን ኤከሮ 2048 ቢት አርኤስኤን በ8 ሰዓት ለመፍታት 20 ሚሊዮን ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት) ያስፈልጋል ብለው አሰሉ። ያው ጊድኒ በግንቦት 2025 ከ1 ሚሊዮን ባነሰ ኪዩቢት ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይቻላል አለ። ማሽኑ አልደረሰም፤ የሚያስፈልገው መጠን ግን ወደ እኛ እየወረደ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም በኅዳር 2024 ባወጣው ረቂቅ እነዚህን አሮጌ አልጎሪዝሞች ከ2035 በኋላ ጨርሶ ለመከልከል አቅዷል።

3. ዛሬውኑ በነጻ የሚደረገውን አድርጉ

ይሄኛው ደረጃ ዋናው ነው፣ ለዚህም ረዘም ይላል።

ኒስት በነሐሴ 2024 ፊፕስ የሚባሉ ሦስት የድኅረ-ኳንተም ስታንዳርዶች አጽድቋል። ፊፕስ 203 ውስጥ ያለው ኤምኤል-ኬም ቁልፍ ለመለዋወጥ ነው። ፊፕስ 204 እና 205 ለፊርማ ናቸው። አሁን የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ተቀድቶ ነገ የሚፈታው ነገር መከላከያው የቁልፍ ልውውጡ ላይ ነው።

ሰርቨርና ስዊች ላይ ከሩቅ ከምትገቡበት ከኤስኤስኤች ጀምሩ። ኦፕንኤስኤስኤች ከ2022ቱ 9.0 ስሪት ጀምሮ ሳትጠይቁት ድኅረ-ኳንተም ቁልፍ ልውውጥ ይጠቀማል። በ9.9 ኤምኤል-ኬም ተጨመረ፣ በ10.0 ደግሞ ነባሪው ምርጫ ሆነ። ስለዚህ ሥራችሁ አዲሱን ስሪት መጫን ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ስትገቡ ትእዛዙ ላይ የቨርቦስ ምልክቱን ጨምሩና የቁልፍ ልውውጥ አልጎሪዝሙ ምን እንደሆነ የሚናገረውን መስመር አንብቡ። ኤምኤል-ኬም 768 ወይም ኤስኤንትሩፕ 761 የሚል ካያችሁ ጨርሳችኋል። ካላያችሁ ከሁለቱ ጫፍ አንዱ አሮጌ ነው። ብዙ ጊዜ አሮጌው ማን ይሆናል? ማንም መንካት የማይደፍረው ጥግ ላይ ያለው ስዊች።

ቀጥሎ ዌብ። ብዙ ሰርቨር የሚያመሰጥርበት ሶፍትዌር፣ ኦፕንኤስኤስኤል፣ ከሚያዝያ 2025ቱ 3.5 ስሪት ጀምሮ ኤምኤል-ኬምን ይዟል። ክሮም በበኩሉ ከ131ኛው ስሪት ጀምሮ ይደግፈዋል። ሰርቨራችሁን ካደሳችሁ በኋላ ቲኤልኤስ 1.3 (የዌብ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ፕሮቶኮል) መብራቱን አረጋግጡ፤ ያለ እሱ ይህ ነገር አይሠራም።

«ሃይብሪድ» የሚል ቃል ታያላችሁ፣ አትዝለሉት። አሮጌው ኤሊፕቲክ ከርቭና አዲሱ ኤምኤል-ኬም አብረው ይሠራሉ ማለት ነው፤ ሰላዩ ሁለቱንም ካልሰበረ ምንም አያገኝም። ለምን አሮጌውን አንጥለውም ካላችሁ፣ ሳይክ የሚባለውን አስታውሱ። ለዓመታት ተስፋ የተጣለበት ድኅረ-ኳንተም አልጎሪዝም ነበር፤ በኒስት ውድድር አራተኛው ዙር ደርሷል። በ2022 ሁለት የቤልጂየም ተመራማሪዎች በአንድ ተራ ፕሮሰሰር ኮር፣ በአንድ ሰዓት ያህል ሰበሩት። ኳንተም የሚባል ነገር አጠገቡም አልደረሰም። አዲስ ሒሳብ ገና በደንብ አልተፈተነምና አሮጌውን መከታ አድርጎ መጓዝ ብልህነት ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህንን ካበራን በኋላ ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ገጹ አልከፍት አለ። ሌላው ሁሉ ፏ ብሎ ይሠራል። ሁለት ቀን ፈለግን። ለካ የድሮው ቁልፍ 32 ባይት ነበር፣ የኤምኤል-ኬም 768 የሕዝብ ቁልፍ ግን 1184 ባይት ነው። ያ ሲጨመር የመጀመሪያው የሰላምታ መልእክት በአንድ ፓኬት አልገባ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ መሀል ላይ የተቀመጠው ያረጀ ፋየርዎል ደግሞ የተከፈለ ሰላምታ አይቶ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስህተት እንኳ አይጽፍም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አታብሩ። አንድ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ የቀረው።

ቪፒኤን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ርካሽ ዘዴ አለ። አይፒሴክ በሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ላይ፣ አርኤፍሲ 8784 በሚባለው የኢንተርኔት ስታንዳርድ መሠረት፣ ከተለመደው ልውውጥ በተጨማሪ አስቀድሞ የተጋራ ቁልፍ መቀላቀል ይቻላል። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤንም ተመሳሳይ ቦታ አለው። 32 ባይት የሆነ፣ በእውነተኛ ዕጣ የወጣ ቁልፍ አዘጋጁ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም በተቆለፈ ፍላሽ ለሁለት የታመኑ ሰዎች አስይዛችሁ በመኪና ላኩት፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ አስገቡት። ያንን ቁልፍ የማያውቅ ጆሮ ጠቢ የቀዳውን ነገር ወደፊትም አይፈታውም። ቴክኖሎጂ አይመስልም። ግን ለ5 ወይም ለ10 ቋሚ መስመሮች ከብዙ ውድ ሳጥን ይበልጣል። ደካማ ጎኑ ቅርንጫፉ 300 ሲሆን ነው፤ ያኔ ሾፌሩ ይሰለቻል፣ ቁልፉም ሳይቀየር ዓመት ይሞላዋል።

4. ፊርማውን አትቸኩሉበት፣ ፈርምዌር ካልሆነ በቀር

የዛሬን ፊርማ ከ15 ዓመት በኋላ ማስመሰል ለዛሬው ግንኙነት ምንም አያደርግም። ስለዚህ የዌብ ሰርተፊኬት ትንሽ ይጠብቃል። በዚያ ላይ አዲሶቹ ፊርማዎች ይከብዳሉ፤ የፊፕስ 204ቱ ኤምኤል-ዲኤስኤ 65 ወደ 3300 ባይት ሲሆን የድሮው 64 ባይት ገደማ ነበር።

መሠረተ ልማት ላይ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ የሚተከል ሪሌይ (ብልሽት ሲያይ መስመሩን የሚያስቆርጥ መሣሪያ) 20 ዓመት ይቀመጣል። ፈርምዌሩን፣ ማለትም በውስጡ የሚሠራውን ሶፍትዌር፣ የሚያረጋግጥበት የሕዝብ ቁልፍ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ተቀርጾበት ይመጣል። እሱ አርኤስኤ ከሆነ በ2040ዎቹ ማንም የሐሰት ዝማኔ ሊጭንበት ይችላል። ጨረታ ስታወጡ «የፈርምዌር ማረጋገጫው ድኅረ-ኳንተም ፊርማ ይሁን» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። አሁን ካላስገባችሁት ለቀጣዩ 20 ዓመት አይገባም።

5. ኪውኬዲን በሳንቲም ተጫወቱት

አሁን ወደ እውነተኛው ኳንተም ደረስን። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ምሽት ቡና እየጠጣችሁ ተጫወቱት። ሦስት ሰው፣ 40 ቁራጭ ወረቀት፣ ሁለት ሳንቲም ይበቃል። ይህ ጨዋታ ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር በ1984 ያወጡት፣ ቢቢ84 የሚባለው ዘዴ ነው።

አልማዝ ላኪ ናት፣ በቀለ ተቀባይ። አልማዝ ለእያንዳንዱ ወረቀት ሁለቴ ሳንቲም ትወረውራለች። የመጀመሪያው ቢቱን ይወስናል፣ 0 ወይም 1። ሁለተኛው አጻጻፉን ይወስናል፣ «ቀጥ» ወይም «ሰያፍ»። ቀጥ ከሆነ 0ን የተኛ መስመር፣ 1ን የቆመ መስመር አድርጋ ትስላለች። ሰያፍ ከሆነ 0ን ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ 1ን ወደ ግራ ያዘመመ። አጥፋ ታቀብለዋለች።

በቀለ ወረቀቱን ከመክፈቱ በፊት ሳንቲም ወርውሮ «ቀጥ» ወይም «ሰያፍ» ብሎ ይገምታል። ከገመተው ጋር ከገጠመ ቢቱን ያነባል። ካልገጠመ ያየውን ይርሳ፣ ሳንቲም ወርውሮ የወጣለትን ይጻፍ። ይህ ሕግ የጨዋታው ነፍስ ነው። ፎቶን በተሳሳተ አቅጣጫ ከለካችሁት መልሱ ዕጣ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ሁኔታም ይጠፋል፤ ወረቀት ላይ ማታለል ይቻላል፣ ፎቶን ላይ ግን አይቻልም። አባዝቶ ቅጂውን መለካትም አይሆንም። የማይታወቅ ኳንተም ሁኔታን መቅዳት እንደማይቻል በ1982 ተረጋግጧል።

40ው ካለቀ በኋላ ሁለቱ ጮክ ብለው አጻጻፋቸውን ብቻ ያወዳድራሉ። «1ኛው ቀጥ፣ 2ኛው ሰያፍ…» ቢቱን አይናገሩም። ያልገጠመውን ይጥላሉ። ወደ 20 ይቀራል። ከቀረው ጥቂቱን ከፍተው ቢያወዳድሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ያልተከፈተው ቁልፋቸው ሆነ።

አሁን ሦስተኛውን ሰው ጆሮ ጠቢ አድርጋችሁ መሀል አስቀምጡት። እሱም እንደ በቀለ ይገምታል፣ ይለካል፣ ያገኘውን በራሱ አጻጻፍ ስሎ ያሳልፋል። ግማሹን ጊዜ ግምቱ ይሳሳታል፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ለበቀለ ስህተት ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ከቀረው 20 ውስጥ 5 ያህሉ አይገጥምም። 25 በመቶ ማለት ነው። ሁሉን 20 ቢት ቢያወዳድሩ ጆሮ ጠቢው ሳይታይ የሚያመልጥበት ዕድል ከሺህ 3 ገደማ ነው። እውነተኛ መሣሪያ ላይም የምትከታተሉት ይህንኑ ቁጥር ነው፣ የስህተት መጠኑን። ጥሩ መስመር ጥቂት በመቶ ያሳያል፤ ወደ 11 በመቶ ሲጠጋ በቢቢ84 ከዚያ መስመር ምንም ቁልፍ አይወጣም።

በዚህ አጋጣሚ፣ እነ ቤኔት በ1989 መጀመሪያ የሠሩት ማሽን ብርሃኑን የላከው 32 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ያውም በአየር ላይ። ኃይል ሰጪው ደግሞ እንደ ተላከው ቢት የተለያየ ድምፅ ያሰማ ነበር። ብራሳር በኋላ ሲቀልድ፣ ማሽናችን ጆሮው ከማይሰማ ሰላይ ፍጹም የተጠበቀ ነበር አለ። ይስቃል፣ ግን ነገሩ አላለቀም። በ2010 ከኖርዌይ የተነሣ ቡድን ገበያ ላይ የነበሩ የኪውኬዲ መሣሪያዎችን ፎቶን ማወቂያ በደማቅ ብርሃን አሳውሮ ቁልፉን ሁሉ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ፣ የስህተት ማንቂያው ሳይጮህ። ፊዚክሱ አልተሰበረም፤ ሳጥኑ ነው የተሰበረው። እናንተ የምትገዙት ደግሞ ሳጥኑን ነው። ሻጩን «ከማወቂያ ማሳወር በምን ትከላከላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካፍጠጠ ቡናውን ጨርሳችሁ ሸኙት።

6. ፋይበሩን ለኩ

ጥሩ ፋይበር በ1550 ናኖሜትር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ያህል ብርሃን ያጠፋል። ለተራ ዳታ ምንም አይደለም፣ በየመሀሉ ማጉያ ይገባል። ለነጠላ ፎቶን ግን ማጉያ ማለት መቅዳት ነው፣ መቅዳት ደግሞ አይቻልም አልን። እንግዲህ እናስላው።

ቦሌና መርካቶ መካከል 10 ኪሎ ሜትር ፋይበር ቢኖር 2 ዴሲቤል ነው፤ ከፎቶኑ ከግማሽ በላይ ይደርሳል። አዲስ አበባና አዳማ፣ 100 ኪሎ ሜትር እንበል፣ 20 ዴሲቤል ነው፤ ከመቶ አንድ ይደርሳል። አሁንም ይቻላል፣ ግን ፋይበሩ የተቀጠለበት ስፕላይስና ኮኔክተሩ የራሱን ስለሚበላ ጠበብ ይላል። ከህዳሴ ግድብ አዲስ አበባ አካባቢ ድረስ ያለው መስመር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 500ውን ብቻ ብንወስድ 100 ዴሲቤል። በሴኮንድ ቢሊዮን ምት ብትልኩ በ10 ሴኮንድ አንድ ፎቶን ይደርሳችኋል። በቃ፣ አይሆንም።

ቻይናዎች ከቤጂንግ ሻንጋይ 2000 ኪሎ ሜትር የዘረጉት እንዴት ነው ታዲያ? መሀል ላይ 32 ጣቢያ አስቀምጠው ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ገልጦ፣ እንደገና አሽጎ ለቀጣዩ ያሳልፋል። «የታመነ ጣቢያ» ይባላል። የታመነ የተባለው ስለሚታመን ሳይሆን ከማመን ውጪ ምርጫ ስለሌለ ነው። ጣቢያው ውስጥ የገባ ሰው ቁልፉን ያገኛል። ስለዚህ በየ80 ወይም በየ100 ኪሎ ሜትሩ የሚጠበቅ፣ የሚቀዘቅዝ፣ መብራት የማይጠፋበት ክፍል ማስተዳደር እንችላለን ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሳተላይትም አለ። የቻይናው ሚሲየስ በ2017 ቤጂንግንና ቪየናን አገናኝቷል፤ ጂናን-1 የምትባለው ትንሽ ሳተላይት ደግሞ ቤጂንግን ከደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ ጋር፣ 12,900 ኪሎ ሜትር አራርቃ፣ ቁልፍ አጋርታለች። ያም ቢሆን ሳተላይቷ ራሷ የታመነች ጣቢያ ናት።

እንግዲህ ኪውኬዲ የሚያምርበት ቦታ የታወቀ ነው፦ አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት የዳታ ማዕከሎች፣ ወይም መቆጣጠሪያ ማዕከሉና ቅርብ ያለ ትልቅ ጣቢያ። ጄኔቫ በጥቅምት 2007 የምርጫ ቆጠራ ውጤት ያስተላለፈችው በከተማ ውስጥ መስመር ነው። ደርባን በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ለስታዲየሟ ተጠቅማበታለች። ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ ላይ ያለው ኢፒቢ የተባለ የመብራት ድርጅት ከኦክ ሪጅና ከሎስ አላሞስ ላቦራቶሪዎች ጋር በራሱ የፋይበር ኔትወርክ ላይ ሞክሮታል። ሁሉም አጭር መስመር ነው።

መስመሩን ስትመርጡ ኦቲዲአር በሚባለው የፋይበር መለኪያ አስለኩ፣ በሻጩ ወረቀት አትመኑ። ሌላ ትራፊክ የሌለበት ዳርክ ፋይበር ቢሆን ይመረጣል፤ ዳታው የሚፈጥረው የተበተነ ብርሃን ደካማዎቹን ፎቶኖች ያጥለቀልቃቸዋል። መሀል ላይ ማጉያ አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ፋይበሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር አናት ላይ የሚሄደው ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ሲያወዛውዘው፣ መብረቅ ሲመታው የብርሃኑ ፖላራይዜሽን (የሚርገበገብበት አቅጣጫ) ይዞራል። እንዲህ ላለው መስመር ቢቱን በፖላራይዜሽን ሳይሆን በፌዝ ወይም በጊዜ የሚጽፍ መሣሪያ ምረጡ።

7. ስትተክሉ

ኪውኬዲ መልእክት አይልክም። ቁልፍ ብቻ ያወጣል። መልእክቱን የሚያመሰጥረው ሌላ ዕቃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በኤኢኤስ-256። ሁለቱ የሚነጋገሩት ኤትሲ 014 በሚባል መደበኛ መንገድ ነው፤ አመስጣሪው ቁልፍ ይጠይቃል፣ ቁልፉና መለያ ቁጥሩ ይሰጠዋል፣ መለያውን ለወዲያኛው ጫፍ ይልካል፣ እሱም ያንኑ ቁልፍ ከራሱ ሳጥን ይወስዳል። አመስጣሪያችሁ ይህንን የማይችል ከሆነ ጨረታው ላይ ቀድማችሁ እወቁት። ሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለችው አጭር ገመድ ላይ ቁልፉ ስለሚያልፍ አንድ የተቆለፈ ራክ ውስጥ ይቀመጡ።

ከዚያ መተዋወቅ። አልማዝና በቀለ ጮክ ብለው ሲያወዳድሩ በቀለ የሚያናግራት እውነተኛዋ አልማዝ መሆኗን በምን ያውቃል? ጆሮ ጠቢው መሀል ገብቶ ለአንዱ በቀለ፣ ለሌላው አልማዝ ሆኖ ቢተውንስ? ፊዚክሱ ለዚህ መልስ የለውም። ሁለቱ ሳጥኖች ከመጀመሪያው የጋራ ምስጢር ወይም የማይሰበር ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ወደ ደረጃ 3 ፖስታ ተመለስን፤ ያቺ 32 ባይት፣ ያ ሾፌር።

የቁልፍ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። በሴኮንድ 1000 ቢት ብቻ ቢገኝ እንኳ በደቂቃ ከ230 በላይ የኤኢኤስ ቁልፍ ይወጣል። እናንተ በደቂቃ አንዴ ብትቀይሩ ይበዛላችኋል።

በመጨረሻም የኪውኬዲውን ቁልፍ ብቻውን አታሠሩት። ከኤምኤል-ኬሙ ጋር ቀላቅሉት። አንዱ ቢሰበር ሌላው ይቆማል።

8. ቁልፉ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ይህንን ጥያቄ ሳይመልሱ ያበሩ ሰዎች አይቻለሁ። ኪውኬዲን ለማቆም መስበር አያስፈልግም፤ ፋይበሩን ማጠፍ ወይም ኤክስካቫተር ማሳለፍ ይበቃል። እዚህ አገር ኤክስካቫተር እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ።

ባንክ ከሆናችሁ መስመሩ ይቁም ማለት ትችሉ ይሆናል። መብራት ኃይል ላይ ግን የመከላከያ ሪሌይ ምልክት በሚሊሴኮንዶች ውስጥ መድረስ አለበት። ቁልፍ አለቀ ተብሎ እሱ ከታገተ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ፎቶኑ ሲቋረጥ አመስጣሪው በተከማቸ ቁልፍ ይቀጥላል፣ እሱ ሲያልቅ በኤምኤል-ኬም ብቻ ይሄዳል፣ ማንቂያ ይጮሃል፣ ሰው ይሄዳል። መቼም ቢሆን ግን ወደ ምስጠራ-አልባ አይወርድም። በደቂቃ አንድ ቁልፍ ከሆነ ለ24 ሰዓት 1440 ቁልፍ ነው፣ ወደ 46 ኪሎባይት። ለሙሉ ሳምንት ብታከማቹም ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። ክምችቱ ራሱ ሊሰረቅ ስለሚችል ከሳምንት በላይ አታብዙት።

ከዚያ ሞክሩት። እሁድ ሌሊት፣ የተረኛው ኦፕሬተር እያወቀ፣ መጀመሪያ ፋይበሩን በጣታችሁ ትንሽ እጠፉትና የቁልፍ ፍጥነቱ ሲወርድ ማንቂያው በስንት ሴኮንድ እንደጮኸ መዝግቡ። ቀጥሎ ኮኔክተሩን ጨርሶ ንቀሉት። ክምችቱ ሲቀንስ እያያችሁ ቁጭ በሉ፣ ወደ ኤምኤል-ኬም ሲዞር ስንት ፓኬት እንደጠፋ ጻፉ። ከዚያ መልሳችሁ ስኩት። ራሱ አገግሞ ቁልፍ ማውጣት ካልጀመረ፣ ሰኞ ጠዋት የሻጩን ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ኮኔክተሩን በአልኮል ጥረጉት፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው።